የተላጠው የበር እጀታ

ባለፈው ሳምንት የሕንፃችን አስተዳደር የምድር ቤቱን የዕቃ ቤት በሮች እጀታ የሚቀይር ሰው ላከ። እኔ አካላ በሚባለው ሰፈር እዚሁ ሕንፃ ላይ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፤ ሊፍቱ ሲታደስም፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሲቀየርም ነበርኩ። መግቢያው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንደሚለው፣ ከአሁን በኋላ ዕቃ ቤታችንን የምንከፍተው ታግ በሚሏት፣ በሩ ላይ በምትጠጋ ትንሽ ፕላስቲክ ነው። ሳነበው መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኪራይ ሊጨምሩ ነው ብዬ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ማን መቼ ምድር ቤት እንደሚወርድ ሊከታተሉን ይሆናል አልኩ። ልጄ ማህሌት በዚህ ጠባዬ ትስቅብኛለች። የምትኖረው ሁስቢ ነው፣ በባቡር የሚቀጥለው ፌርማታ። በአማርኛ ስነግራት በስዊድንኛ ትመልስልኛለች። ተጠራጣሪ ነኝ፤ አላፍርበትም። ሰው በሰው አገር ሳይጠራጠር እንዴት ይኖራል?

ያው ሰውየው በሬን ያለ እኔ እንዳይከፍት ብዬ ወረድኩ። ወጣት ልጅ ነው፤ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ አሮጌዎቹን እጀታዎች እየፈታ ካርቶን ውስጥ ይወረውራል። የእኔ ተራ ደርሶ የእኔን ሲወረውረው ድምፁ ያዘኝ። ከስስ ናስ የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ እጀታ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ሺህ ድምፅ መሀል ብሰማው አልስተውም። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ላዩ ላይ የተቀባው ቫርኒሽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጧል። ስንት ዓመት ያንን በር ስከፍትና ስዘጋ ኖሬ አንድም ቀን እጀታውን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

"ይኼን ልውሰደው?" አልኩት።

ሙዚቃውን ከጆሮው አወጣና "ለምን?" አለኝ።

ምናልባት እኔ ራሴ የሠራሁት ነው ብዬ ብነግረው ያምነኛል? "እንዲሁ፣ ለማስታወሻ" አልኩት። ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ዋጋ ያለው ነገር ይሆን እንዴ ብሎ እንዳሰበ ያስታውቃል። ኋላ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ውሰጂው አለኝ። ደረጃውን ስወጣ ዞር ብዬ ሳይ ከካርቶኑ አንድ አንስቶ ያገላብጣል።

እንዲህ ዓይነት እጀታ በምሠራበት ጊዜ ዕድሜዬ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ፊቲያ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል በአንድራሃንድ፣ ማለትም ከተከራይ ላይ ተከራይቼ እኖር ነበር። ማህሌትን ገና አራት ዓመቷ ሳይሞላ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ትቻት ነው የመጣሁት። እሷን ለማምጣት ቋሚ ሥራና በስሜ የተጻፈ የቤት ኮንትራት ያስፈልግሻል ተብያለሁ። የቤት ኮንትራቱ ደግሞ ያለ ቋሚ ሥራ አይሰጥም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ቦታ ነበር፤ በሙከራ በተቀጠርኩበት፣ ርካሽ የበር እጀታ በሚሠራው ትንሽ ወርክሾፕ።

ወርክሾፑ ከፊቲያ በእግር ይኬዳል። በሐይቁ ዳር ዳር አልፌ፣ በአውራ ጎዳናው ሥር በሚያሾልከው መንገድ ወጥቼ፣ የጋራዦቹን ሰፈር ስጨርስ እዚያ ነው። ክረምቱን ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሰዎች መሀሉ ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ በቀዳዳ ዓሣ ሲያጠምዱ አያለሁ። እኔ ያንን በረዶ አንድም ቀን አምኜ አልረገጥኩትም። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር መንገዱ ላይ ክረምቱን ሙሉ የበተኑት ጠጠር ብቻውን ይቀርና ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ወደዚያ ሥራ ስሄድ የነበረውን ጊዜ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ የጠጠሩ ድምፅ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ከፊንላንድ የመጣ አንድ ዝምተኛ ሰው ስሱን ናስ በማተሚያ እየጨፈለቀ ግማሽ ግማሽ እጀታ ያወጣል፤ ሁለቱን ግማሽ ገጥሞ ያጣብቃል። ከዚያ ጋሽ በላቸው ይቀበሉታል። ጋሽ በላቸው እንደኔው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ አገር ቤት የከተማ አውቶቡስ ነጂ የነበሩ፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። በሚሽከረከር የጨርቅ ጎማ ላይ መወልወያውን፣ ቡናማ ሳሙና የመሰለውን ጡብ፣ እየነካኩ እጀታውን እንደ መስተዋት ያበሩታል። ቀጥሎ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ሶዳ ባለበት የፈላ ውሃ አጥባለሁ፣ በመገጣጠሚያው ስፌት ውስጥ የገባውን ቅባት በክብሪት እንጨት ጎርጉሬ አወጣለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ቫርኒሽ ውስጥ ነክሬ እሰቅላለሁ። ቫርኒሹ ነው ብርሃኑን የሚያቆየው። ባለቤቱ ሮልፍ የሚባል ረጅም ሰው ነበር፤ ሲራመድ ስለማይሰማ ሁልጊዜ ከኋላህ ነው ብለህ ብታስብ አትሳሳትም።

የቅበላ ሰሞን ሮልፍ ሴምላ የሚሉትን፣ መሀሉ በክሬም የተሞላ ዳቦ፣ ለፊካ፣ ለቡና ሰዓታችን፣ ይዞልን መጣ። ለእነሱም የጾማቸው መግቢያ ነው ይባላል፤ አገሩ ጾሙን ረስቶ ዳቦውን ብቻ አስቀርቷል። የዚያን ቀን በላን፣ ጣፈጠንም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ደግሞ ይዞ ሲመጣ ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር እኔም ጋሽ በላቸውም እጃችንን ሰበሰብን። ሮልፍ ዳቦውን አየ፣ እኛን አየ። "ባለፈው ወዳችሁት አልነበረም?" አለ። ለማስረዳት ሞከርኩ፣ ስዊድንኛዬ ግን ክሬምና እግዚአብሔርን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያገናኝ አልነበረም። ያን ቀን ፊንላንዳዊው የእኛን ድርሻ በላ።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የተሸጡ እጀታዎች ይመለሱ ጀመር፤ ቫርኒሹ እየተላጠ። ሮልፍ አንዱን በጥፍሩ ፍቆ ልጣጩን አሳየኝ።

"በደንብ አታጥቢም" አለኝ።

"አጥባለሁ።"

"ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?"

ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ጀመርኩ፣ ሶዳ ጨመርኩ፣ ጓንቴን ሳይቀር አጠብኩ። እጄ እስኪላጥ አጠብኩ ብል ይሻላል። እጀታዎቹ ግን መመለሳቸውን አላቆሙም። ሮልፍ ከኋላዬ ቆሞ ማየት አበዛ። አንድ ዓርብ ቀን ጠርቶ፣ የሙከራ ጊዜሽ ከፋሲካ በኋላ ያልቃል፣ በዚህ ዓይነት ላስቀርሽ አልችልም አለኝ። ማታ እናቴ ጋ ደውዬ ማህሌትን ሳናግራት "መቼ ነው የምመጣው?" ስትለኝ ቅርብ ነው አልኳት።

ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ዙሪያውን ያያል። እኔ ሳይ ደግሞ ያገኘሁት ጋሽ በላቸውን ነው። ከሁዳዴ ወዲህ ተለውጠዋል። ድሮ ምሳ አብረን ነበር የምንበላው፤ እኔ ሽሮዬን፣ እሳቸው ምስራቸውን በማትሎዳ፣ በምሳ ዕቃ፣ ይዘን፣ እንጀራ ሲጠፋ በዳቦ እየጠቀስን። አሁን ምሳ ሰዓት ሲሆን ውጡ ውጡ ይሉና ብቻቸውን ይቀራሉ። ቁምሳጥናቸውን መቆለፍ ጀምረዋል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ የካፖርታቸው ኪስ አብጦ ነው የሚመጡት። ከሁሉ የከነከነኝ ግን፣ ለእህታቸው ልጅ ሥራ ይገኝ እንደሆነ ሮልፍን ሲጠይቁት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቱ በቅርብ የመጣች ናት፤ ወርክሾፑ ውስጥ የሚለቀቅ ቦታ ቢኖር የእኔ ብቻ ነው።

አንድ ሌላም ነገር ነበር፣ ለማንም ለመናገር ያስቸግራል። እጀታዎቹን የፈላው ውሃ ውስጥ ስጨምራቸው የሚወጣው እንፋሎት ሽታው ተለውጧል። ድሮ የከረመ ቅባት የሚሸተው ነገር አሁን ሌላ፣ የማውቀው፣ ደስ የሚል ሽታ ይሸተኛል። እዚያ ቆሜ ባላሰብኩት ሰዓት ደብረ ዘይት በዓል ላይ ከእናቴ ጎን የቆምኩ ይመስለኛል። ሮልፍን ምን ይሸትሃል ብዬ ብጠይቀው "ሳሙና" አለኝ። እሱ ከየት ያውቀዋል?

ሕማማት ሊገባ ሲል ቆረጥኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ካፖርቴን ለብሼ፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ ጋራዦቹ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ቀስ ብዬ ስገባ ጋሽ በላቸው ማድረቂያው ምድጃ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ባዶ የባቄላ ጣሳ ጥደው በእንጨት ያማስላሉ። አጠገባቸው በፌስታል የተቋጠረ ነገር አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ጧፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነዶ ነዶ ያለቀ፣ አጭር አጭር የጧፍ ቁራጭ።

"ጋሽ በላቸው፣ ምን እያደረጉ ነው?"

ደነገጡ። ጣሳውን ሊሸፍኑ ሞክረው ተቃጠሉና ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

"አልሄድሽም እንዴ አንቺ?"

"አልሄድኩም። እኔን ለማባረር ነው አይደል? ለእህትዎ ልጅ ቦታ እንዲገኝላት?"

"ምን?" አሉኝ። እውነተኛ ግራ መጋባት ፊት ላይ ሲታይ ይታወቃል። በርጩማ ስበው ተቀመጡና ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሁዳዴ በገባ ሰሞን ፊንላንዳዊው እየሳቀ፣ እናንተ ክሬም አንበላም ትላላችሁ፣ ይኼ ቀኑን ሙሉ የምትነኩት መወልወያ የበሬ ሞራ አይደለም እንዴ ብሏቸዋል። እሳቸው አላመኑም። ሮልፍን ጠየቁት፤ አዎ ሞራ ነው አላቸው።

"ጎማው ሲሽከረከር ብናኙ የት ይሄዳል?" አሉኝ። "አፌ ውስጥ ነው። ጺሜ ላይ ነው። አንቺስ? አጠገቤ ተቀምጠሽ ሽሮሽን ስትበዪ ያ ሁሉ ይወርድብሻል። በዚህ ዓይነት ምን ጾምን ይባላል? ቤተ ክርስቲያን የጧፉን ቁራጭ የምጠርገው እኔ ነኝ። ሰም ነው፣ ንጹሕ የንብ ሰም። ለማብሪያ የሚሆነውን ቀይ ዱቄት ከመጋዘን ወስጄ ቀላቀልኩት። አያበራም እንዴ? እንደ ወርቅ ነው የሚያበራው።"

"ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?"

የተቃጠለውን ጣታቸውን አዩ።

"ብነግርሽ ከጾምሽና ከሥራሽ አንዱን ልትመርጪ ነው። ልጅ ያለሽ ሴት ነሽ። ሳታውቂው ይለፍልሽ ብዬ ነው።"

ስንት ቀን በጥርጣሬ ያየኋቸው ሰው የእኔንም ጾም ይጾሙልኝ ኖሯል። ልቤ ተነካ፤ ግን ንዴቴም አልበረደም። እጀታው መላጥ የጀመረው መቼ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሮልፍ ምን እንዳለኝም ነገርኳቸው፤ ይህንን አልሰሙም ነበር። የተመለሱትን እጀታዎች የቫርኒሽ ችግር ነው ብለው ነበር የሚያስቡት። ጣሳውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እኔ ነኛ" አሉ። "ከልጅሽ ልለይሽ ነበር።"

ተከተይኝ እንኳ ሳይሉኝ ተነስተው ሮልፍ ቢሮ ገቡ። እኔም ተከተልኩ።

ሮልፍ ሰምቶ አላመነም። ጧፍ? ሻማ? ለምን? ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ነው አለ፤ አሮጌው ወጣቷን ሊያድናት የፈጠረው ታሪክ መሰለው። ብንስቅ ይሻል ነበር፣ ግን ማናችንም አልሳቅንም። በመጨረሻ ሮልፍ፣ እንግዲያው ሰኞ ፊቴ አሳዩኝ አለ። አንዱን በሞራው፣ አንዱን በሰሙ ወልውሉ፤ እሷ በአንድ ውሃ ትጠብ፣ ከአንድ ቫርኒሽ ትንከር።

ሰኞ ማለት የሕማማት ሰኞ ነው። ውጪ ስንወጣ፣ ጋሽ በላቸው፣ ይቅር፣ ለሌላ ቀን እንለምነው፣ አልኳቸው። ሌላ ቀን የለሽም አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት መጡ። አንገታቸው ላይ የነበረውን ሻርፕ አፍና አፍንጫቸው ላይ አስረው፣ ጎማውን አስነሱት። መጀመሪያ የራሳቸውን፣ የሰሙን ነካ አድርገው አንዱን እጀታ አበሩ። ከዚያ ከሁዳዴ ወዲህ ያልነኩትን ቡናማ ጡብ አነሱ። ሲያነሱት ከንፈራቸው ከሻርፑ ሥር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ምን እያሉ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም። ሮልፍ እጁን አጣጥፎ ከኋላ ቆሟል። ብናኙ እንደ ወትሮው ተነስቶ ቅንድባቸው ላይ አረፈ። እጀታውን ሰጡኝ። አጠብኩ፣ ነከርኩ፣ ሰቀልኩ። እሳቸው ቧንቧው ጋ ሄደው ፊታቸውን ደጋግመው ታጠቡ።

ማክሰኞ ጠዋት ሮልፍ ሁለቱንም አውርዶ ፕላስተር ለጠፈባቸውና ሳብ አደረገ። የሞራው ምንም አልሆነም። ከሰሙ ላይ ቫርኒሹ ሙሉ ለሙሉ ተገሽልጦ ከፕላስተሩ ጋር መጣ። ሮልፍ ለረጅም ጊዜ አየው። ሞራ በሶዳ ሲፈላ እንደ ሳሙና ሆኖ ይታጠባል፣ የንብ ሰም ግን አይለቅም፣ ስስ ሆኖ ላዩ ላይ ይቀራል አለ፤ ለእኛ ይሁን ለራሱ እንጃ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ ትቀጥያለሽ አለኝ። ለጋሽ በላቸው ደግሞ፣ ሳያስፈቅዱ ዕቃ ለውጠው ደንበኞቼን አሳጥተውኛልና እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው አላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር ፊቱ ቀልቶ ነበር። እጁን ዘረጋላቸው።

በሕማማት እጅ ተጨባብጦ ሰላም አይባልም። ጋሽ በላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። የሮልፍ እጅ አየር ላይ ቀረ። እንደናቁት፣ እንደተቀየሙት ነው የገመተው፤ ፊቱ ጥቁር አለ። ላስረዳው አፌን ስከፍት ጋሽ በላቸው በዓይናቸው ተይው አሉኝ።

ደጅ ስንወጣ አለቀስኩ። "እርስዎ ምን ሊሆኑ ነው?" አልኳቸው። "እኔ የማመጣው ልጅ የለኝም" አሉ። "የእህቴ ልጅም ባለፈው ሳምንት ሥራ አግኝታለች፤ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።" ስለ ሞራው ደግሞ፣ እሱን ከንስሐ አባቴ ጋር እጨርሰዋለሁ ብለው ጠጠሩን እያንኮሻኮሹ ሄዱ።

ማህሌት የመጣችው ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ከእኔ ቀድመው የደረሱት ጋሽ በላቸው ነበሩ፤ ለልጅ የሚሆን ወፍራም ካፖርት ይዘው። ያኔ ባቡር ጣቢያ ያጸዱ ነበር። ፊቲያ በሞት እስኪያርፉ ድረስ በየዓመቱ ፋሲካን እኛ ቤት ነው የፈሰኩት። ስለ እጀታው ግን አንስተን አናውቅም፤ ለማህሌትም አንድም ቀን አልነገርኳትም። እሳቸው እያሉ ያሳፍራቸዋል ብዬ፣ ካረፉ በኋላ ደግሞ እንዲሁ።

የተላጡትን እጀታዎች ሮልፍ አልጣላቸውም። ለምድር ቤትና ለዕቃ ቤት በር ማን ያያል ብሎ፣ በየሰፈሩ ላሉ የኪራይ ሕንፃዎች በርካሽ ሸጣቸው። ይህንን ስለማውቅ ነው እጀታውን ይዤ የወጣሁት።

ቤት ገብቼ አጠብኩት፣ መነጽሬን አድርጌ ስፌቱን አየሁ። ጥቁር ቆሻሻ ሞልቶታል። መስኮቱ ሥር ያለው ማሞቂያ ላይ አስቀመጥኩትና ሲሞቅ ጠብቄ አሸተትኩት። የሸተተኝ ናስ ብቻ ነው። ቫርኒሽ ደግሞ በእርጅናም ይላጣል፣ የሌላ ፋብሪካም ሊሆን ይችላል፣ አፍንጫዬም እንደ ድሮው አይደለም። የእሳቸው መሆኑን ተጠራጠርኩ፤ ብጠራጠርም ልጥለው አልቻልኩም።

እሑድ ማህሌት መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ መስኮቱ ጋ ቆማ ታወራኛለች፤ በስዊድንኛ፣ ስለ ሥራዋ። ማሞቂያው ላይ ያለውን እጀታ አንስታ እያገላበጠች ወሬዋን ቀጠለች። ከዚያ አቆመች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"ይኼ ምንድን ነው፣ እማ?" አለችኝ፣ ድንገት በአማርኛ። "ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል።"

እኔን ለማስደሰት ብላ እንዳልል፣ ታሪኩን አታውቀውም። ዙሪያዬን አየሁ፤ የምጠረጥረው ነገር አጣሁ። "ቁጭ በይ" አልኳት፣ "ካፖርትሽንም አውልቂ።"